ግልገሉን እያሳያችሁ አሳማውን ለምትሸጡ

ይድረስ፦ ድንክ አሳማ እያራባችሁ ለቤት እንስሳነት ለምትሸጡ ሁሉ፣ ባላችሁበት
ግልባጭ፦ የእንስሳት ደህንነትና የንግድ ማስታወቂያ ሕግ ለምታረቁ፤ ግልገል ለመግዛት ለምታስቡ

እንደምን አላችሁ? የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ይህን የምጽፈው አሳማ ቤት ውስጥ ማሳደግ ነውር ነው ለማለት አይደለም። ቦታም ጊዜም ያለው፣ የገባበትን የሚያውቅ ሰው አሳማ ቢያሳድግ እኔ ማን ሆኜ እከለክለዋለሁ? አሳማውን እንደ ቤተሰብ የሚያይ ሰው አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ እቀናበታለሁ። ሙግቴ ከእናንተ ጋር ነው። ሕይወት ያለው ነገር የሚሸጥ ሰው፣ ስለሚሸጠው ነገር የሚያውቀውን ለገዢው የመንገር ግዴታ አለበት። እናንተ ደግሞ የምትደብቁት ዋናውን ነው። ከዚያም አልፎ፣ ማስታወቂያችሁ ላይ የጻፋችሁት ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ ሥራው ትክክል አይመስለኝም። ይኼኛው ይከብዳል፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ኪሎ እንነጋገር። ለሥጋ የሚረባ አሳማ ዕድሜው ሳይቀጭ እንዲያድግ ቢተው 250 እና 300 ኪሎ ይደርሳል። ከእሱ ጎን ያቆማችሁት 60 ኪሎ አሳማ በእርግጥም ድንክ ነው፤ ስያሜው የወጣው ከዚያ ንጽጽር ነው። ሳሎን ውስጥ ግን የሚነጻጸረው ከሶፋው ጋር ነው። ከቬትናም የመጣው ሆደ ትልቁ ዝርያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ወደ ሌሎች አገሮች የእንስሳት ማቆያዎች ተወሰደ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ካናዳ፣ ቀጥሎም አሜሪካ ገባና ሰው ቤት ውስጥ ማሳደግ ጀመረ። ይህ ዝርያ በደንብ ሲያድግ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 90 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ጎልማሳ ሰው ማለት ነው፤ ያውም ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ፣ ክብደቱ መሬት ለመሬት የሆነ፣ ሲገፋችሁ የማትመልሱት።

በትንሽነቱ ስሙ የሚነሳውን ደግሞ እንይ። የጀርመኑ ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በ1960ዎቹ የራሱን ድንክ አሳማ ማዳቀል ጀመረ። የፈለገው ለላቦራቶሪ የሚሆን እንስሳ ነበር፦ ትንሽ ቦታ የሚበቃው፣ በሙከራ የሚሰጠው መድኃኒትም በመጠን ትንሽ የሚሆን። የሚኒሶታን ድንክ አሳማ፣ የቬትናሙንና የጀርመን ላንድሬስን አዳቀሉ፤ መዝገብ ይዘው፣ የዘር ሐረግ ቆጥረው፣ ለአሥርት ዓመታት ለትንሽነት ሲመርጡ ኖሩ። የዚያ ሁሉ ልፋት ውጤት ሲጎለምስ ከ35 እስከ 45 ኪሎ የሚመዝን አሳማ ነው። እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ሁሉ ሳይንስ ያላገኘውን ባለ 10 ኪሎ አሳማ እናንተ በጓሯችሁ ከየት አመጣችሁት?

መልሱን ታውቁታላችሁ። ከዕድሜ ነው ያመጣችሁት።

አሳማ ዕድገቱን የሚጨርሰው በሦስት፣ በአራት፣ አንዳንዱም በአምስት ዓመቱ ነው። ለመውለድ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። ወንዱ ገና በሦስትና በአራት ወሩ ማስረገዝ ይችላል፤ ሴቷም ብዙ አትቆይም፤ እርግዝናው 114 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ዓመት ያልሞላቸው ወላጆች ማቅረብ ቀላል ነው። ገዢው «እናትና አባቱን ማየት እችላለሁ?» ሲላችሁ፣ ጠንቃቃ ሰው የሚጠይቀውን ነው የጠየቀው። እናንተም በደስታ ታሳዩታላችሁ፤ የምታሳዩት ግን ራሳቸው ገና ልጆች የሆኑ ሁለት አሳማዎች ነው። ገዢው «ትልቅ ሲሆን ይህን ያክላል» ብሎ ይሄዳል። በቃላችሁ አልዋሻችሁም። ያየው ነገር እንዲዋሸው ግን አመቻችታችኋል፤ እኔ ይኼኛው ከተራ ውሸት ይብሳል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሰውየው በኋላ የሚወቅሰው ራሱን ነው።

ራሱን ባይወቅስ ደግሞ እናንተ ትረዱታላችሁ። ከግልገሉ ጋር አንድ ወረቀት ትሰጡታላችሁ፤ ጠዋት ይህን ያህል ፍሬ መኖ፣ ማታ ይህን ያህል፣ ከዚያ ካለፈ «ይተልቃል» የሚል። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው የመጡ ሰዎች ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠው ያውቃሉ። አሳማውን ጠረጴዛ ላይ ስታወጡት አከርካሪው በእጅ ይቆጠራል፤ ጭንቅላቱ ለሰውነቱ ይተልቃል፤ ጸጉሩ ሳስቶ ቆዳው ይቀረፋል። ባለቤቱ «ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፣ ፍሪጁን በአፍንጫው መክፈት ተማረ፣ ምን ልሁን?» ይላል። ምን ይሆናል፣ ርቦታል እንጂ! በረሃብ የቀጨጨ እንስሳ ድንክ ዝርያ አይባልም፤ ዕድገቱ የተቀማ እንስሳ ነው የሚባለው። ባለቤቱ አዝኖ መመገብ ሲጀምርና አሳማው ማደግ ሲጀምር ደግሞ «ከመጠን በላይ ስላበላችሁት ነው» ትላላችሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

(ከመጠን በላይ መቀለብ የለም ማለቴ አይደለም። አለ። የዓይኑ ዙሪያ በስብ ታጥፎ ማየት እስኪሳነው የወፈረ አሳማ በየጊዜው እናያለን፤ መፍትሔው ግን ረሃብ አይደለም፤ ለሳርና ለእንቅስቃሴ የሚሆን ቦታ ነው።)

ሌላው ጡጦ ነው። የቀናት ዕድሜ ያለውን ግልገል «በጡጦ ካሳደጋችሁት ይለምዳችኋል» ብላችሁ ትሸጣላችሁ። አሳማ በተፈጥሮው ከሁለት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ቀስ በቀስ ነው ጡት የሚተው። በነዚያ ሳምንታት ወተት ብቻ አይደለም የሚጠባው፤ ከወንድሞቹ ጋር ሲላፋ ንክሻ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ይማራል፤ ሲገፋ መመለስን፣ ሲሸነፍ መሸሽን ይማራል። ያን ሳይማር ሰው እቅፍ ውስጥ ያደገ አሳማ ዓመት፣ ዓመት ተኩል ሲሞላው የሚያደርገውን እነግራችኋለሁ፣ የምታውቁት ቢሆንም። እንግዳ ሲገባ የጀርባው ጸጉር ይቆማል። መንጋጋውን ያፋጫል፤ አፉ ጥግ ላይ አረፋ ይታያል። ጭንቅላቱን ወደ ጎን ሰበቅ አድርጎ እግር ይመታል፤ ሰውየው ወደ ኋላ ካለ አሳማው አሸነፈ፤ ነገ ደግሞ ልጆቹን ይሞክራል። ክፋት አይደለም። አሳማ በመንጋ የሚኖርና ማዕረጉን በግፊያ የሚያስከብር እንስሳ ነው፤ መንጋው እናንተ ከሆናችሁ የሚገፋው እናንተን ነው። ባለቤቶቹ «እንዲያ አልነበረም፣ ምን ነካው?» እያሉ ያለቅሳሉ። ምንም አልነካውም፤ አደገ።

በቅርብ ዘመድ ማዳቀሉን፣ ከዚያ የሚመጣውን የመገጣጠሚያ ችግር፣ ሳይመክኑ የቀሩ ሴቶች ሲያረጁ ማህፀናቸው ላይ የሚወጣውን ዕጢ፣ ለስላሳ ወለል ላይ ሳያልቅ የሚረዝመውን ሰኮና ዘርዝሬ አላሰለቻችሁም። እያንዳንዱ ከቀድሞ ከታሰበበት መላ አለው። ችግሩ ለገዢው ማንም አስቀድሞ አለመንገሩ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህን ሁሉ አስተካከላችሁ እንበል። ዕድሜ ሳትደብቁ፣ ሳታስርቡ፣ የእውነት ሕይወቱን ሙሉ ትንሽ ሆኖ የሚኖር አሳማ አመጣችሁ እንበል። ይህ ህልም ብቻ አይደለም፤ የተሞከረ ነው። በ2015 ቢጂአይ የተባለው የቻይና የዘረ መል ምርምር ተቋም ባማ ከሚባለው ትንሽ ዝርያ ላይ የዕድገት ሆርሞን የሚቀበለውን ዘረ መል አሰናክሎ፣ ሲጎለምሱ 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ አሳማዎች ማፍራቱንና በ10,000 ዩዋን ሊሸጣቸው ማሰቡን አስታወቀ። መጀመሪያ የተሠሩት ለምርምር ነበር። ያው ዘረ መል በሰው ላይ ሲበላሽ ላሮን ሲንድረም የሚባል፣ ሐኪም የሚከታተለው ችግር ይሆናል። በሰው ላይ ሕመም ያልነውን በአሳማ ላይ ስናደርገው የገበያ መለያ ሆነ ማለት ነው። ዕቅዱ ኋላ ላይ ቀረ፤ አሳማዎቹ በቤት እንስሳነት ገበያ ሳይወጡ ቀሩ። እኔ ግን ቢወጡም ኖሮ ጥያቄው ባለበት ይቆይ ነበር።

ምክንያቱም ሰውነቱ ቢያንስም አሳማነቱ አያንስም።

ይህን የምለው ከምኞት ተነስቼ አይደለም። ስኮትላንድ፣ ኤድንብራ ላይ ስቶልባና ዉድ-ገሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሥጋ የተዳቀሉ የተለመዱ የእርባታ አሳማዎችን ጫካ፣ ሜዳና ረግረግ ወዳለበት ክልል ለቀው ለዓመታት ተከታተሏቸው፤ ውጤቱም በ1989 ታትሟል። ከትውልድ ትውልድ በቤት የኖሩት እነዚያ አሳማዎች ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ ካለው ጊዜያቸው ግማሹን አፈር ሲምሱና ሳር ሲግጡ ነበር የሚያሳልፉት፤ ከቀረውም ብዙውን ወዲያ ወዲህ ሲሉና ነገር ሲመረምሩ። ልትወልድ የደረሰችው ከመንጋው ራቅ ብላ ሄዳ ጎጆ ትሠራ ነበር። ማንም አላስተማራቸውም። ሰው ሥጋቸውን፣ ርዝመታቸውንና ፍጥነታቸውን ሲለዋውጥ የኖረው ያን ነገር ሳይነካ ነው። እናንተ ደግሞ የምትለውጡት ቁመቱን ብቻ ነው፤ ፍላጎቱን አይደለም።

የአንድ አሳማ አፍንጫ ጫፍን ከቅርብ አይታችሁት ታውቃላችሁ፣ ሥራችሁ ነውና። ጠፍጣፋ፣ እርጥብ፣ ሁልጊዜ የሚንቀሳቀስ፤ ከውስጡ ለመቆፈሪያ የሚረዳ የራሱ ትንሽ አጥንት አለው። ደረቅ መሬትን ይገለብጥበታል፤ አንዲት ፍሬን ከገለባ ይለይበታል። ለማሽተት የሚያገለግሉት የዘረ መል ዓይነቶች ከ1,000 በላይ ናቸው። ይህን መሣሪያ ሴራሚክ ወለል ላይ ስታስቀምጡት ምን ይሠራል? የወለሉን መጋጠሚያ ይፈልጋል። የምንጣፉን ጠርዝ ያገኛል፤ ይጠቀልለዋል። ከግድግዳው ሥር ያለውን እንጨት ይፈነቅላል። ያ ካለቀበት ባዶ ወለል ላይ አፍንጫውን እየገፋ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ አንዳንዱ እስኪላጥ ድረስ። ባለቤቱ «ቤቱን አወደመው» ብሎ ይከሳል። እኔ የማየው ሥራ የተከለከለ ሠራተኛ ነው።

አእምሮውስ? በ2009 ብሩምና ባልደረቦቹ ግልገሎችን ለአምስት ሰዓታት ያህል ከመስታወት ጋር አላመዷቸው። ከዚያ ምግብ በመስታወት ብቻ በሚታይበት ቦታ አኖሩ። ከስምንቱ ሰባቱ መስታወቱን ትተው ወደ እውነተኛው ምግብ ዞረው ሄዱ፤ በአማካይ 23 ሰከንድ ነው የፈጀባቸው። በ2021 በታተመ ሌላ ጥናት አራት አሳማዎች በአፍንጫቸው ጆይስቲክ እየገፉ ስክሪን ላይ ያለ ምልክት ማንቀሳቀስ ተምረዋል። እናንተ እነዚህን ጥናቶች ለማስታወቂያ ትጠቀሙባቸዋላችሁ፦ «ከውሻ የበለጠ ብልህ!» እያላችሁ። እኔ ሳነብባቸው ግን የሚሰማኝ ሌላ ነው። ብልህነት ያለ ሥራ ሲቀር ስቃይ ነው፤ አሳማው ይህን ያህል የሚያስብ ከሆነ፣ ያለ ዘመዱ፣ ያለ አፈር፣ ሰው ሥራ ሲሄድ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለ15 ዓመት መኖሩ የሚከፋው ለዚህ ነው። በጥሩ ሁኔታ ከተያዘ ያን ያህልና ከዚያም በላይ ይኖራልና።

የሚመጣልኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ውሻም እኮ ተዳቅሎ ነው ትንሽ የሆነው።» እውነት ነው። ውሻ ግን ቢያንስ 14,000 ዓመት ከሰው ጋር ሲኖር የተመረጠው ከሰው ጋር በመስማማቱ ነው። አሳማም ከሰው ጋር ሺህ ዓመታት ኖሯል፤ የተመረጠው ግን ለሥጋው ነው፤ አብሮን ሳሎን እንዲቀመጥ ማንም መርጦት አያውቅም። ደግሞስ ውሻን ያነሳችሁት ለየትኛው ጥቅም ነው? አፍንጫው ተደፍጥጦ መተንፈስ የሚያቅተውን ፐግ የሚባለውን የውሻ ዝርያ ተመልከቱ። መልክ ብቻ እያየን ስናዳቅል የት እንደምንደርስ ያሳየን እሱ ነው፤ ፈቃድ ብላችሁ ያቀረባችሁት ማስጠንቀቂያ ነው።

«በእርድ ከሚሞት እቤት ቢኖር አይሻለውም?» የሚለው ይከብደኛል። በብረት አጥር ውስጥ መዞር እንኳ ከማትችል እናት አሳማ ጋር ሲወዳደር፣ ሶፋ ላይ የተኛው በእርግጥ ይሻለዋል። ነገር ግን እናንተ ከዚያ አጥር አንድም አሳማ አላወጣችሁም። አዲስ ነው የፈጠራችሁት። ካልተወለደ የሚጎዳ የለም፤ ከተወለደ ግን ዕዳው የናንተ ነው።

ዕዳውን የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በ2012 ካናዳ ውስጥ «ድንክ ነች» ተብላ የተሰጠች ኤስተር የምትባል ግልገል አድጋ 300 ኪሎ ገደማ ደረሰች። ያሳደጓት ሰዎች ኑሯቸውን ለውጠው፣ እርሻ ገዝተው፣ ለሌሎች እንስሳትም መጠለያ ከፈቱ፤ እስክትሞት በ2023 አብረዋት ኖሩ። የፊልም ተዋናዩ ጆርጅ ክሉኒም ማክስ የተባለውን አሳማውን በ2006 እስኪሞት ለ18 ዓመት አኑሮታል፤ 130 ኪሎ ያህል ነበር። እነዚህን ታሪኮች ሁሉም ይወዳቸዋል፤ እናንተም ታጋሯቸዋላችሁ። እርሻ መግዛት የማይችለው፣ የኪራይ ቤት ውስጥ ያለው፣ ጎረቤት የከሰሰው ሰው አሳማ ታሪክ ግን አይጋራም። ወደ መጠለያ ይደውላል፤ መጠለያው ሞልቷል። ሌላ መጠለያ ይደውላል። ከዚያ ወይ እርድ ነው፣ ወይ ዱር ዳር ወስዶ መልቀቅ ነው። ወይ እኔ ዘንድ ይመጣና «በመርፌ ይለፍ» ይላል፤ በሽታ የሌለበት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው እንስሳ። ይህን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ክፍያውን የተቀበላችሁት እናንተ።

ሕጉንም አትነግሩትም። በብዙ አገር አሳማ በሕግ ፊት የእርባታ እንስሳ እንጂ የቤት እንስሳ አይደለም፤ ስም ቢወጣለትም፣ አልጋ ላይ ቢተኛም። እንግሊዝ ውስጥ አንድ አሳማ ብቻ ያለው ሰው እንኳ ይዞታውን ማስመዝገብ አለበት፤ አሳማውን በማሰሪያ ይዞ ለመንሸራሸር መንገዱ አስቀድሞ የተፈቀደበት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከወጥ ቤት የተረፈ ምግብ መስጠትም ክልክል ነው። ክልከላው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ በ2001 አገሪቱን ያመሰው የአፍና የእግር በሽታ የተነሳው በትራፊ ምግብ ከሚቀለቡ አሳማዎች ነበር። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ደግሞ አሳማ ማኖር ጭራሹን አይፈቀድም። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባል በሽታም አለ። ሰውን አይዝም፤ ለአሳማው ግን ፈውስ የለውም፤ በተበከለ የሥጋ ውጤትም ይተላለፋል። ክልሉ ሲታጠርና ይወገዱ ሲባል፣ የሚመጣው ቡድን አሳማው ስም እንዳለው አይጠይቅም። ይህን ሁሉ ገዢው የሚሰማው ከፖሊስ ወይም ከኔ ነው። ከናንተ መስማት ነበረበት።

ታዲያ ምን እናድርግ ትላላችሁ? እኔ ብጠየቅ፣ መጠለያዎቹ እስኪቀሉ ድረስ ማራባቱ ይቁም ባይ ነኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ እንደምትሉም አውቃለሁ፤ እንግዲያው ቢያንስ የሚከተለውን አድርጉ። ወላጅ አሳዩ ስትባሉ፣ አምስት ዓመት ያለፋቸውን፣ ሚዛን ላይ አቁማችሁ አሳዩ። ጡት ያልተወ ግልገል አትስጡ። ወንዱን ሳታኮላሹ፣ ሴቷ የመምከን ወጪዋ ሳይታሰብ ከእጃችሁ አይውጡ። አንድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አትሽጡ፤ አሳማ ያለ አሳማ አይኖርም። የረሃብ ወረቀቱን ቅደዱት። ከሁሉም በላይ፣ ገዢው ማኖር ሲያቅተው በየትኛውም ዕድሜና ኪሎ መልሳችሁ የምትቀበሉበት ውል ፈርሙ። ይህን ለመፈረም የማይደፍር አራቢ፣ ግልገሉ የት እንደሚደርስ ልቡ ያውቀዋል ማለት ነው።

ሕግ ለምታረቁትም አንድ ነገር ልበል። «ከዚህ ኪሎ አያልፍም» ብሎ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሻጭ፣ ማንኛውም ነጋዴ ስለ ዕቃው ለሚናገረው ማስረጃ እንደሚጠየቀው ይጠየቅ። የአራቢዎች ምዝገባና የእያንዳንዱ ግልገል መለያ ቢታከልበት ደግሞ የተጣለውን አሳማ ተከትሎ ሻጩ ጋ መድረስ ይቻላል። አሁን የተገኘው አሳማ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ወጪውም የመጠለያው ይሆናል።

ግልገል ለመግዛት የምታስቡም እዚህ ድረስ ካነበባችሁ፦ ግቢና አፈር ካላችሁ፣ ለሁለት የሚሆን አቅም ካላችሁ፣ በአቅራቢያችሁ የተጠለሉትን ሄዳችሁ እዩ። አድገው ጨርሰዋል፤ መጠናቸው ያው የምታዩት ነው፤ ጠባያቸውም ተለይቷል። ግቢ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

አራቢዎች ሆይ፣ «ሁላችንም እንዲያ አይደለንም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የተወሰናችሁት እውነታችሁን ነው። ልለያችሁ የምችልበት መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው። በዚህ ደብዳቤ ላይ መልስ ስትሰጡ ስለ ፍቅራችሁ ባትጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ያረጀችው እናት አሳማችሁ ዕድሜዋ ስንት ነው? ኪሎዋስ? ከሸጣችኋቸው ልጆቿ ስንቶቹ አሁን የት እንዳሉ ታውቃላችሁ? እነዚህን ሦስቱን ጻፉልኝ፤ በአደባባይ፣ ገዢዎቻችሁ በሚያነቡት ቦታ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንስሳት ሐኪም